ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አቲክ ውጡ

ባለፈው ጁላይ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ኤሲያችን ሞተ። ከቤቱ ጀርባ ያለው ማሽን አንድ ጊዜ ጓ አለና ዝም። በነጋታው ጠዋት ፎቅ ላይ 88 ፋራናይት ደርሷል፤ በሴልሲየስ 31 መሆኑ ነው። ልጆቹን ቤዝመንት አወረድናቸውና ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናቸው። ሰኞ ዕለት አንድ ሻጭ መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ግን አቲክ (ከጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ) አልወጣም፣ መስኮት አልቆጠረም፣ ክፍል አልለካም። የሞተው ማሽን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አየና "የድሮው 3 ቶን ነው፤ ፎቃችሁ ስለሚሞቅ 4 ቶን ላስገባላችሁ። ዛሬ ከፈረማችሁ ቅናሽ አለ" አለን።

አልፈረምንም። ከጓደኛ በተዋስናት አንዲት የመስኮት ኤሲ ዘጠኝ ቀን ገፋን። በእነዚያ ቀናት ያነበብኩትን፣ የጠየቅኩትንና በእጄ የነካሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። ምክንያቱም በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ አሌክሳንድሪያ ያለን ብዙ ሐበሾች የገዛነው ቤት ተመሳሳይ ነው። ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የተሠራ፣ ግድግዳው ደህና የሆነ፣ አቲኩን ግን ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቤት። ማሽኑ 15 ዓመት አካባቢ ሲሞላው ይሞታል። የሚሞተው ደግሞ በጣም በሚፈለግበት ቀን ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚለፋው ያን ቀን ስለሆነ። ልጅ በላብ እየተጠመቀ፣ የመጡ እናት "ምን ዓይነት አገር ነው" እያሉ፣ ተረጋግቶ መምረጥ ይከብዳል። ሻጩም ይህን ያውቃል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የትኛው ማርክ ይሻላል?" ብሎ ነው። ማርክ አራተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ቤቱ በስንት በኩል አየር ያፈሳል የሚለው ነው። ሁለተኛው ማሽኑ ምን ያህል ይሁን፣ ሦስተኛው ምን ዓይነት ይሁን። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው ብር የሚባክነው።

ከቶን ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ቶን የማሽኑ ክብደት አይደለም። ሰው ቤቱንና ምግቡን በበረዶ ያቀዘቅዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ መለኪያ ነው። አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚስበው ሙቀት አንድ ቶን ይባላል፤ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ማለት ነው። ስለዚህ 3 ቶን ማሽን በሰዓት 36,000 ቢቲዩ ሙቀት ከቤት አውጥቶ ይጥላል።

ታዲያ 4 ቢሆን ምን ይጎዳል? ይጎዳል እንጂ። የዲሲ ሰመር የሚከብደው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ እርጥበቱ ነው። ኤሲ ሁለት ሥራ አለው፤ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ከአየሩ ውስጥ ደግሞ ውሃ ያወጣል። ውሃው የሚወጣው ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ጤዛ ሆኖ ተጠራቅሞ ሲንጠባጠብ ነው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ለቤቱ ከሚበቃው በላይ የሆነ ማሽን ግን ስድስት ሰባት ደቂቃ ያጓራና ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) የፈለገው ላይ ደርሶ ይጠፋል። ጤዛው ሳይወርድ ተመልሶ ይተናል። ቴርሞስታቱ 72 ይላል፣ ቆዳችሁ ግን ይጣበቃል። አልጋው ቀዝቃዛና እርጥብ ይሆናል። እንጀራው በሁለተኛው ቀን ሻጋታ ማብቀል ይጀምራል። ሰው ደግሞ "አልቀዘቀዘም" ብሎ ወደ 68 ያወርደዋል፣ ቢሉ ይጨምራል፣ እርጥበቱ ግን እዚያው ነው። በዚያ ላይ በሰዓት ብዙ ጊዜ እየተነሳ የሚጠፋ ማሽን ዕድሜው ያጥራል።

ትክክለኛውን መጠን የሚሰጥ ስሌት አለ። ማንዋል ጄ ይባላል፤ ያወጣው ኤሲሲኤ የተባለው የአሜሪካ የኤሲ ተቋራጮች ማኅበር ነው። የግድግዳው ስፋት፣ መስኮቱ ወደ የት እንደሚያይ፣ አቲኩ ላይ ስንት ኢንች ኢንሱሌሽን (ሙቀት የሚያግድ ንጣፍ) እንዳለ፣ ቤቱ ምን ያህል አየር እንደሚያስገባ፣ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ሁሉም ይገባበታል። "ለ500 ካሬ ጫማ አንድ ቶን" እያለ በጭንቅላቱ የሚያሰላ ሰው ይህን አልሠራም። እኛ አስልተን የሚሰጠን ሰው አገኘን። ቤታችን መሀል ላይ ያለ ታውንሃውስ ነው፤ ግራና ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ ስለሆነ ፀሐይም ነፋስም አያገኘውም። ውጤቱ 2.5 ቶን መጣ። አቲኩ ከተስተካከለ 2 ቶን ይበቃል አለን። ያኛው ሰው 4 ሊያስገባልን ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ ገና ሳይሞቅ፣ አቲክ ወጣሁ። ቤቱን ከገዛን ስምንት ዓመታችን ነው፣ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ራሱ የወጣሁበት ክዳን ነው። ቀጭን ኮምፔንሳቶ፣ ከጀርባው ምንም የለ። ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። ከዚያ ሮዙን የመስታወት ጥጥ አየሁ፤ አራት ኢንች ቢሆን ነው፣ አንዳንድ ቦታ ተረግጦ ሁለት ኢንች ሆኗል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቁር ነው። ሻጋታ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሻጋታ አልነበረም፤ አቧራ ነው። ከታች ከቤታችን የሚያመልጠው አየር በጥጡ ውስጥ ሲያልፍ ጥጡ እንደ ፊልተር እያጣራው ነው የጠቆረው። የጠቆረበትን ቦታ ሁሉ ገልጬ ሳይ ከሥሩ ቀዳዳ አገኘሁ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለፈበት፣ የመብራት ቆርቆሮ የተቀበረበት፣ የውሃ ቱቦ የወጣበት። የመታጠቢያ ቤቱ ቬንትሌተር ደግሞ ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው አቲኩ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው። ለዓመታት የሻወር እንፋሎት ጣሪያችን እንጨት ላይ ስናራግፍ ኖረናል።

ይህ ቀዳዳ የሚጎዳው ፎቁን ብቻ አይደለም። ገጠር ጎጆ ውስጥ እሳት ሲነድ ጭሱ በሣሩ ክዳን መሀል እየሾለከ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሞቀ አየር ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ካገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይወጣል። በወጣው ልክ ደግሞ ሌላ አየር ከታች ይገባል። በዊንተር የእኛ ሙቀት በአቲክ ሲያመልጥ፣ የውጭው ብርድ በቤዝመንቱ መስኮትና በግድግዳው መሠረት ስንጥቅ ይሳባል። ቤዝመንት የሚያከራይ ሁሉ ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል፤ ከታች ያለው ተከራይ "በረደኝ" ይላል፣ ከላይ ያለው ባለቤት "እኔ ሞቆኛል" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ቴርሞስታቱን መጣላት ሳይሆን አቲኩ ላይ ነው ያለው።

ዳክት፣ ማለትም አየሩን ወደየክፍሉ የሚያደርሰው ቱቦ፣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በኢነርጂ ስታር ፕሮግራሙ እንደሚለው በተለመደ ቤት ውስጥ በዳክት ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በመንገድ ይጠፋል። በቀዳዳና በተላቀቀ መገጣጠሚያ። ዳክቱ አቲክ ውስጥ ከሆነ ኤሲያችሁ አቲኩን ነው የሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት ቀዳዳን መድፈንና ኢንሱሌሽን መጨመር ከማሞቂያና ማቀዝቀዣ ወጪ በአማካይ 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል ይላል። ኢንሱሌሽን ሙቀት የሚያግድበት አቅም በ"አር" ቁጥር ይለካል፤ በዚህ አካባቢ አቲክ ላይ የሚመከረው ከአር-49 እስከ አር-60 ነው። የእኛ አራት ኢንች ከአር-13 አያልፍም።

ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ መድፈን፣ ከዚያ ኢንሱሌሽን። ጥጥ አየር አያግድም፤ ሹራብ ለብሶ ነፋስ ላይ እንደመቆም ነው፣ ላዩ ላይ የሚደረብ ነገር ያስፈልገዋል። ትንንሹን ቀዳዳ በፎም ራሳችሁ ትደፍኑታላችሁ። የጋዝ ጭስ የሚወጣበት ቱቦ ዙሪያ ግን ተራ ፎም አይገባም፤ ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ ነው የሚፈልገው። የመታጠቢያ ቤቱን ቬንትሌተር በጣሪያ ወይም በግድግዳ ወደ ውጭ አውጡት፤ እኛ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብን።

ቀዳዳውን በትክክል ለማወቅ ብሎወር ዶር የሚባል ምርመራ አለ። በራፉ ላይ ትልቅ ቬንትሌተር ይገጠምና ከቤቱ ውስጥ አየር ወደ ውጭ ይስባል። ያኔ የተደበቀው ቀዳዳ ሁሉ ይናገራል። የሚመረምረው ልጅ ከመሣሪያው ጋር ሲዞር እኔ ዕጣን ለኩሼ ተከተልኩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይወጣል፣ የሳሎኑ ሶኬት ጋ ሲደርስ እጥፍ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እዚያ ቦታ ለዓመታት ሶፋ ላይ ስቀመጥ እግሬን ይበርደኝ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ኤምፓወር በሚባለው ፕሮግራም የመብራት ድርጅቶች የቤት ፍተሻ ይሰጣሉ፤ ዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ ዲሲኤስኢዩ የሚባለው የከተማው የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም አለ። ገንዘቡ እኮ በየወሩ ቢላችሁ ላይ እየተጨመረ የምትከፍሉት ነው፤ ተጠቀሙበት።

እሺ፣ ቤቱ ተደፈነ። አሁን ወደ ማሽኑ።

ሂት ፓምፕ ሲባል ብዙ ሰው አዲስና አስቸጋሪ ነገር ይመስለዋል። ኤሲ ነው። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ኤሲ። ፍሪጃችሁን ከጀርባው ንኩት፣ ይሞቃል፤ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት ነው ከኋላ የሚጥለው። ኤሲም በሰመር የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ይጥላል። ሂት ፓምፕ ውስጥ አቅጣጫውን የምትገለብጥ አንዲት ቫልቭ አለች፤ በዊንተር ያንኑ ሥራ ገልብጦ ከውጭ ሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባል። "ከብርድ ውስጥ ምን ሙቀት ይገኛል?" ይባላል። ይገኛል። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ከውጭው አየር የበለጠ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ስለዚህ ሙቀት ከውጭው አየር ወደ እሱ ይፈሳል። ሙቀትን ከመፍጠር ሙቀትን መሸከም ይቀላልና አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ከፍላችሁ የሁለት፣ የሦስት፣ ደህና ቀን ላይ የአራት ያህል ሙቀት ታገኛላችሁ። ተራ የኤሌክትሪክ ሂተር ግን አንድ ከፍላችሁ አንድ ነው የሚሰጣችሁ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ኤሲያችሁ ከሞተ ሌላ ኤሲ መግዛታችሁ አይቀርም። ያኔ "በዚሁ መጠን ሂት ፓምፕ ቢሆን ልዩነቱ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ማሽኑ ያው ነው፤ ቫልቭ፣ የተወሰነ መቆጣጠሪያና የመግጠም ሥራ ነው የሚጨመረው። ይህን ሳይጠይቅ ኤሲ ብቻ የገዛ ሰው ለቀጣዩ 15 ዓመት ዕድሉን ዘግቷል።

የእኛ አካባቢ አየርም ለሂት ፓምፕ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የዲሲ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት 3 ሴልሲየስ ገደማ ነው። ከዜሮ በታች 10 የሚወርድበት ቀን ጥቂት ነው። ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ወገኖቻችን ስሌታችሁ ሌላ ነው፤ ለእናንተ ለብርድ አገር የተሠራው ዓይነት አለ፣ ኢነርጂ ስታር በ5 ፋራናይት ላይ ቢያንስ 1.75 እጥፍ እንዲሰጥ ይጠይቀዋል። እዚህ ለብዙው ቤት እሱም ግዴታ አይደለም።

ግን ዕውር ድጋፍ አልሰጥም፤ ቢላችሁን አውጡና አብረን እናስላ። መብራት በኪሎዋት ሰዓት 20 ሳንቲም፣ ጋዝ በቴርም 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው እንበል። አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ነው። ያን ያህል ሙቀት ቤት ውስጥ ለማግኘት ከጋዙ ሙቀት 95 በመቶውን ለቤቱ በሚሰጥ አዲስ ፈርነስ (የጋዝ ማሞቂያ) 1 ዶላር ከ68 ትከፍላላችሁ። 80 በመቶ በሚሠራ አሮጌ ፈርነስ 2 ዶላር። በሂት ፓምፕ ሦስት እጥፍ በሚሰጥበት ቀን 1 ዶላር ከ95፣ ብርድ ጠንቶ ሁለት እጥፍ ብቻ ሲሰጥ 2 ዶላር ከ93። በተራ የኤሌክትሪክ ሂተር ግን 5 ዶላር ከ86! ስለዚህ ግድግዳ ሥር በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሂተር የምትኖሩ ሰዎች፣ ብዙ አፓርታማና አሮጌ ኮንዶ እንደዚያ ነው፣ ለእናንተ ሂት ፓምፕ ክርክር የለውም። ነዳጅ ዘይት የምታነዱም እንዲሁ አስሉት። ጋዝ ያለው ሰው ግን ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ "ቢልህን በግማሽ እቀንሳለሁ" የሚለውን ሻጭ ወረቀት ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

በተለይ አሁን። የአካባቢያችንን የመብራት መረብ የሚመራው ፒጄኤም ለኃይል ማመንጫዎች ለዝግጁነት የሚከፈለውን ዋጋ በጨረታ ያወጣል። ለ2024/25 በአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር የነበረው ለ2025/26 ወደ 269.92 ዘለለ፤ ለ2026/27 ደግሞ 329.17 ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቨርጂኒያ ላውደን ካውንቲ ውስጥና ዙሪያውን እየተተከሉ ያሉት የዳታ ማዕከሎች የሚጠይቁት ኃይል ነው። ይህ ዞሮ ዞሮ የእኔና የእናንተ ቢል ላይ ያርፋል። የጋዝም ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ማንም የነገን ዋጋ ተማምኖ አይግዛ፤ አነስተኛ ኃይል የሚፈልግ ቤት ግን በየትኛውም ዋጋ ያተርፋል። ለዚህ ነው አቲክ አቲክ የምለው።

እኛ ምን አደረግን? ፈርነሳችን 80 በመቶ የሚሠራ ቢሆንም ገና ስድስት ሰባት ዓመት ይሄዳል። አልጣልነውም። የሞተውን ኤሲ በ2 ቶን ሂት ፓምፕ ተካንና ሁለቱን አጣመርናቸው። ከ35 ፋራናይት በላይ ሲሆን ሂት ፓምፑ ያሞቃል፣ ከዚያ ሲወርድ ፈርነሱ ይረከባል። ከላይ ያለውን ሂሳብ ስታዩ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል፤ የ80 በመቶው ፈርነስና የሂት ፓምፑ ወጪ እኩል የሚሆነው እዚያ አካባቢ ነው። ጋዙን ሙሉ በሙሉ የሚቆርጥ ሰው በየወሩ ለሜትሩ የሚከፍለውን ቋሚ ክፍያም ያስቀራል፤ የውሃ ማሞቂያውንና ምድጃውንም አብሮ ማሰብ አለበት።

ሂት ፓምፕ የገባላቸው ሰዎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ጃንዋሪ ጎረቤታችን ያሉ እናት ጠሩኝ። ጋቢያቸውን ደርበው የአየር መውጫው ላይ እጃቸውን ዘርግተዋል።

"ልጄ፣ ይኼ ማሽን ነፋስ ነው እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ገንዘቤን ይበላል፣ እኔን ያበርደኛል" አሉኝ። ቢሉን አሳዩኝ፤ 600 ዶላር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቴርሞስታቱን አየሁት። "ኢመርጀንሲ ሂት" ላይ ነው ያለው።

"እማማ፣ ማነው ይቺን የነካት?"

"የገጠመው ልጅ ነዋ። ሲበርድዎት ይቺን ይጫኗት አለኝ፣ ከኖቬምበር ጀምሮ አልነካኋትም።"

ያቺ ቁልፍ ሂት ፓምፑን ጨርሳ ታጠፋውና በውስጡ ያለውን የኤሌክትሪክ ሂተር ብቻ ታበራለች። 10 ኪሎዋት ሂተር በ20 ሳንቲም ዋጋ በበራበት ሰዓት ሁሉ 2 ዶላር ይበላል። ስሟ እንደሚለው ማሽኑ ሲበላሽ ብቻ የምትነካ ቁልፍ ናት። "አክስ" የሚል ምልክት ደግሞ በጣም ሲበርድ ራሱ ሂተሩን ለእገዛ ሲጠራ የሚበራ ነው፤ አልፎ አልፎ ቢበራ አያስደነግጥም፣ በመለስተኛ ብርድ ቀኑን ሙሉ ከበራ ግን ማሽኑ ችግር አለበት። ነፋስ ነው ያሉትም ነገር ምክንያት አለው። ከፈርነስ የሚወጣ አየር ከ120 ፋራናይት በላይ ይሆናል፣ እጅ ያቃጥላል። ሂት ፓምፕ ደግሞ 95 አካባቢ ነው የሚሰጠው፤ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ስለሆነ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ክፍሉን ግን ያሞቃል፤ ብቻ ቀስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ ነው። እማማን ቴርሞስታቱን 70 ላይ አደረግኩላቸውና "አይንኩት፣ ይተዉት" አልኳቸው። ማታ አውርዶ ጠዋት መስቀል ለፈርነስ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለሂት ፓምፕ ግን ጠዋት ላይ በአንዴ ብዙ ስትጠይቁት ያንን ውድ ሂተር ይጠራል።

እሳቸው አዲስ አበባ በነሐሴ ብርድ ቤት ሳይሞቅ ነው የኖሩት፤ እዚያ የምናሞቀው ሰውን ነው፣ ጋቢ፣ ትኩስ ሻይ። እዚህ ግን ሰው የሌለበትን ክፍል ሁሉ እናሞቃለን። ወላጅ አንድ ክፍል ውስጥ የሚውልበት ቤት ወይም ዳክት የማይደርሰው ቤዝመንት ካላችሁ ሚኒ ስፕሊት አስቡ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ሂት ፓምፕ ነው፣ ዳክት አይፈልግም፣ ያንን ክፍል ብቻ ለብቻው ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል። የተከራይና የባለቤት የቴርሞስታት ጠብም በዚህ ይበርዳል።

በማሽኑ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞረው ጋዝ ባጭሩ። የድሮ ኤሲያችሁ አር-22 የሚጠቀም ከሆነና ካፈሰሰ አትሙሉት፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ አይመረትም፣ አይገባም፣ የቀረው ውድ ነው። አር-410ኤም ተራው ደርሷል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ የቤት ማሽን በእሱ መመረት ቆሟል። አዲሶቹ አር-454ቢ ወይም አር-32 ናቸው። ከመጋዘን የቀረ የ410ኤ ማሽን በርካሽ ሊቀርብላችሁ ይችላል። እኔ አልገዛም ነበር፤ 15 ዓመት የሚኖር ማሽን ነው፣ ጋዙ ደግሞ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ሲር2 የሚባለው ቁጥር ኤሲ በመብራቱ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው የሚናገረው፣ ልክ መኪና በጋሎን ስንት ማይል እንደሚባለው። እዚህ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው 14.3 ነው። ቁጥሩን ከማሳደድ ፍጥነቱን እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይር፣ ኢንቨርተር ያለው መግዛት ለዚህ እርጥብ አየር ይበልጣል።

የገንዘቡ ነገር ተቀይሯል፤ ይህን ያልሰማ ሰው ብዙ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ለሂት ፓምፕ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል ታክስ ክሬዲት ይሰጥ ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚገጠም ማሽን አስቀርቶታል። ለኢንሱሌሽኑም፣ ከመሬት ሙቀት ለሚስበው ጂኦተርማልም እንዲሁ። አሁንም "ከመንግሥት 2,000 ይመለስላችኋል" ብሎ የሚሸጥ ካለ ተጠንቀቁ፤ ታክስ ስትሞሉ ነው የምታለቅሱት። የስቴትና የመብራት ድርጅት ቅናሾች ግን አሉ፤ ብዙዎቹ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማመልከት ስለሚፈልጉ መጀመሪያ ደውሉ።

ቤት ሲደፈን ደግሞ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ እኛ ቤት ከሌላው የበለጠ። ሽንኩርት ሁለት ሰዓት ይቁላላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የምድጃው ሁድ አየሩን አጣርቶ ወደ ኩሽናው የሚመልስ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን። ከሰል ግን በፍጹም ቤት ውስጥ አታያይዙ፣ ለቡናም ቢሆን፣ መስኮት ከፍታችሁም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ በተደፈነ ቤት ውስጥ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። አገር ቤት በዚህ ስንት ቤተሰብ እንዳለቀ ሁላችንም ሰምተናል። ጋዝ ያለበት ቤት ሁሉ በየፎቁ፣ በተለይ መኝታ ክፍል አጠገብ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ይኑረው።

ማሽናችሁ 12 ዓመት ካለፈው እስኪሞት አትጠብቁ። ሻጮቹም ሥራ በማይበዛባቸው በማርች ወይም በኤፕሪል ሦስት ሰው ጥሩ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ጠይቁ፤ የማንዋል ጄ ውጤቱን በወረቀት፣ የኤሲና የሂት ፓምፕ ዋጋ ጎን ለጎን፣ የዳክቱ መድፈኛ ተካቶ እንደሆነ፣ ፈቃዱን ከካውንቲ ማን እንደሚያወጣ። የስቴት ላይሰንሱን ቁጥር ተቀበሉና ራሳችሁ አጣሩ። አቲክ ሳይወጣ፣ ክፍል ሳይለካ ዋጋ የጻፈላችሁን ሰው ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።